በጨለማ ስለሚተኵስ ሰው

ቀበሮ በጣና ዳር በሚኖር ገበሬ ዘንድ መልካም ስም የለውም። ጠቦት ይነጥቃል፤ ዶሮ ይወስዳል፤ ሌሊትም ከደንገሉ አጠገብ ቆሞ ሲጮኽ ሕፃናትን ከእንቅልፋቸው ያስነሣል። ስለዚህ አንድ ሰው ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ «ዛሬስ አልምረውም» ብሎ በሌሊት ቢወጣ፥ ጎረቤቶቹ ጎበዝ ይሉታል እንጂ የሚከለክለው አይገኝም። እኔ ግን ይህ ሰው ሊከለከል ይገባዋል እላለሁ። ይህንም የምለው ለቀበሮው ብቻ አዝኜ አይደለም። ልጅ ሳለሁ እንደዚህ ያለውን ሰው ተከትዬ በሌሊት እሄድ ስለ ነበር፥ የሆነውን ሁሉ በዐይኔ አይቻለሁና ነው።

ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብላ በሐይቁ ዳር ባለች መንደር አጎት ነበረኝ። እኛ ልጆቹ አያ እንለው ነበር። አያ እጁ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነበር። የተሰበረ ሞፈር ይጠግናል፤ ዝም ያለ ራዲዮ ፈታትቶ ያናግራል፤ የሚስቱ ምጣድ ቢሰነጠቅ እንኳ «ቆይ፥ አትጣይው» ይላል። አንድ ዓመት ቀበሮ ሦስት ጠቦቶች በላበትና፥ አያ ተቈጥቶ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠራ።

ከአባቱ የወረሰው አንድ አሮጌ ውጅግራ ነበረው። ውጅግራ የፈረንሳዮች ጠመንጃ ነው። እነርሱ «ፉዚ ግራ» የሚሉትን አባቶቻችን ለአፋቸው እንዲመች ውጅግራ አሉት። ዐይነቱ የወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1874 ነው፤ እንግዲህ አያ ሲይዘው ጠመንጃው በዕድሜ አያቱ ሊሆን ይችል ነበር። በዚህ ጠመንጃ አፈ ሙዝ ሥር አንድ የእጅ ባትሪ አጋደመና፥ ከመኪና ጎማ ውስጥ በተቈረጠ ላስቲክ ጠፍሮ አሰረው። ብርሃኑ ወደ ገዛ ዐይኑ እንዳይመለስ፥ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ታችና ላዩን ቀዶ በጥላሸት አጠቈረና በባትሪው አፍ ላይ አጠለቀ። በጠመንጃው ጫፍ ላይም በጨለማ እንዲታየው ነጭ ክር ጠመጠመ። የባትሪው ድንጋይ የደከመ ስለ ነበረ ቀን ቀን ከቆርቆሮው ጣራ ላይ በፀሓይ ያሰጣው ነበር። ይህን ያላየ ልጅ ይሥቅ ይሆናል፤ የሞቀ ድንጋይ ግን በእውነት ጥቂት ጊዜ ያበራል።

ቀበሮውን የመጥራት ሥራ የእኔ ነበር። ከቍጥቋጦ ሥር ተቀምጬ፥ እናቱ እንደ ጠፋችበት ጠቦት እጮኽ ነበር። በዚህም ሥራዬ እጅግ እኮራ ነበር፤ አንዲት በግ ከበረት ሆና መልሳልኛለችና።

በመጀመሪያው ሌሊት ሁለት ዐይኖች በደንገሉ ዳር በሩ። አያ ተኰሰ። የውጅግራው ባሩድ ጥቁር ባሩድ ስለ ሆነ ጢሱ እንደ ጉም ከደነን። ጠመንጃው ወደ ኋላ በመታ ጊዜም በባትሪው ውስጥ ያለው ድንጋይ ተናወጠና ብርሃኑ ጠፋ፤ ቆርቆሮው ወልቆ በረረ፤ ሰደፉም የአያን መንጋጋ መታው። እርሱ ግን በጢስና በጨለማ መካከል ቆሞ «መታሁት! መታሁት!» ይል ነበር። ሲነጋ ወርደን ብናይ፥ እንዲደርቅ በዳር ቆሞ የነበረ የአንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳ ከወገቡ ተበስቶ አገኘነው። የቀበሮ ጠጕር እንኳ አልነበረም።

ይህን ነገር ልብ አድርጉት። ያ መሣሪያ ቀን በግቢ ውስጥ ሲሞከር እንከን አልነበረውም። ብርሃኑ የጠፋው ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ጊዜ፥ ማለት ጥይቱ ከወጣ በኋላ ምን እንደ ተመታ ለማየት በፈለግንበት ጊዜ ነው። አያም ይህን የላስቲኩ ጥፋት ነው ብሎ አሰበ። ላስቲኩን ፈትቶ በሽቦ አሰረው።

እስከዚህ ድረስ፥ ልጆች ሆይ፥ ነገሩ የሚያሥቅ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ሁለት ዐይኖች ከጎረቤታችን አጥር ሥር ዝቅ ብለው በሩ። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ አልጠፋም፤ ጥይቱም አልሳተም። ሮጠን በደረስን ጊዜ ወድቆ ያገኘነው የጎረቤታችን ውሻ ነበረ። እርስዋ ባልዋ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ጥቂት በጎችዋንም በሌሊት የሚጠብቅላት ያ ውሻ ብቻ ነበር። ኩራዝ ይዛ ወጣችና አየችው። አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። «አያ፥ እንግዲህ ሌሊት ሌሊት በጎቼን የሚጠብቁልኝ አንቱ ነዎት?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። አያም የሚመልሰው ቃል አጣ።

የእንስሳ ዐይን በሌሊት ለምን እንደሚበራ ልንገራችሁ። ብዙ እንስሳት በዐይናቸው ውስጥ በስተ ኋላ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን አላቸው። ወደ ዐይን የገባ ብርሃን በዚያ ሽፋን ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህም በጥቂት ብርሃን ከእኛ አብልጠው ያያሉ። የቀበሮ ዐይን እንዲህ ነው። ነገር ግን የውሻም፥ የድመትም፥ የበግም፥ የላምም፥ የአህያም ዐይን እንዲሁ ነው። እንግዲህ ባትሪ የያዘ ሰው ሁለት የሚበሩ ዐይኖች ባየ ጊዜ ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በዚያ ቦታ አንድ እንስሳ መኖሩን ነው። ቀበሮ ይሁን የጎረቤት ጊደር ገና አላወቀም። ከርከሮ ደግሞ እንደ አሳማ ወገኖቹ ይህ ሽፋን የለውም፤ በበቆሎው መካከል ቆሞ ሳለ ባትሪ ቢያበሩበት ዐይኑ እንደ ቀበሮ ዐይን አይበራም።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። የሰው ዐይንም ይህ ሽፋን የለውም። ስለዚህ የአዳኙ ብርሃን በግንም ውሻንም አህያንም ሲያሳየው፥ ከቶ ሊመታው የማይገባውን አንዱን ግን ሳያሳየው ያልፋል። አያ ይህን አያውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። ያወቅነው በአምስተኛው ሌሊት ነው።

በዚያች ሌሊት ጨረቃ አልነበረችም፤ ሐይቁም ጸጥ ብሎ ነበር። እኔ እንደ ጠቦት ጮኽሁ። ዐይኖች በውኃው ዳር በሩ፤ አያም ተኰሰ፤ ዐይኖቹም ጠፉ። ጥይቱ ግን መንገዱን ገና አልጨረሰም ነበር። ውኃ ጥይትን የሚውጥ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን በአግድም የመጣ ጥይት ውኃውን በነካ ጊዜ፥ እናንተ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሐይቁ ላይ ስትወረውሩ እንደሚሆነው፥ ነጥሮ ይሄዳል። የሚያቆመው ነገር ካላገኘም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ጥቂት ቆይቶ ከጨለማው ሐይቅ ላይ፥ «ሰው ነኝ! ኧረ ሰው ነኝ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

መረቡን ለመጣል በታንኳ የወጣ ጐልማሳ ነበረ። ጥይቱ ከአጠገቡ ውኃውን ገርፎ አለፈ እንጂ እርሱን አልነካውም። ቀዝፎ ወደ ዳር መጣ፤ እኛም ወደ ቤት ወስደን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር የተሰጠውን የውኃ ቅል በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለ፦ «ባትሪዎን ከሩቅ አይቼው ነበር። እንደ እኔ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መስሎኝ፥ ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሐይቁ በሌሊት ባዶ ነው የሚል ሰው ሐይቁን አያውቅም። መረብ የሚጥል አለ፤ በማለዳ ገበያ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ነበረ፤ ሕመምተኛ ይዞ የሚሻገርም አይጠፋም። የብሱም እንዲሁ ነው። የጠፋች ላም የሚፈልግ ልጅ ባትሪ ላይኖረው ይችላል፤ ዐይኑም አይበራም።

«ታዲያ ቀበሮው በጋችንን ይብላ ወይ?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ጠቦት ለድኻ ሰው የዓመት ልብስ ነውና። ነገር ግን እነዚያ ሦስቱ ጠቦቶች እንዴት እንደ ተበሉ ልናገር። አንዱ የተበላው በቀን ነው፤ እረኛው ሐይቅ ገብቶ ሲዋኝ። እረኛው እኔ ነበርሁ፤ ይህንም ለአያ የነገርሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሁለቱን የበላው ግን በበረቱ በስተ ጀርባ ባለው የአጥር ቀዳዳ የገባ ቀበሮ ነው። ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ሁለት ሸክም እሾህ በበቃ ነበር። አያ ግን ቆርቆሮ ሲቀድ፥ ላስቲክ ሲፈልግ፥ ድንጋይ ሲያሰጣ ሁለት ሳምንት ቈየ። አዲስ መሣሪያ መሥራት ደስ ያሰኛል፤ እሾህ መሸከም ግን እጅ ያደማል። ሰውም ብዙ ጊዜ ደስ የሚያሰኘውን ሥራ የሚያስፈልገው ሥራ ነው ብሎ ራሱን ያታልላል።

በቤት በሚሠራ መሣሪያ ላይ ጥል የለኝም። ማማ ላይ ተቀምጦ ጃርትንና ጉማሬን ከእህሉ የሚያባርር ሰው ጅራፍ ያጮኻል፤ ቆርቆሮ ይመታል፤ ወንጭፍ ያሽከረክራል፤ እሳት ያነዳል። እነዚህ ሁሉ በቤት የተሠሩ ናቸው። የጅራፍ ጩኸት ተሳስቶ ወደ ሰው ቢሄድ ሰውየው ይነቃል እንጂ አይሞትም። ጠመንጃ ግን ስሕተትን ይቅር አይልም። በእንግሊዝ አገር በዱሮ ዘመን የጫካ ባለቤቶች ጠመንጃን ከግንድ ጋራ አስረው፥ ከምላጩ ላይ ገመድ ወደ መንገድ ይዘረጉ ነበር፤ ሌባ ሲረግጠው እንዲተኵስ። ገመድ ግን ሌባን ከሕፃን፥ ሌባንም ከገዛ ዘበኛ አይለይም፤ ንጹሓን ሰዎች ስለ ተመቱ በ1827 በፈረንጆች አቈጣጠር በሕግ ተከለከለ። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ ዐዋጅ፥ ቍጥሩ 1177፥ ጠመንጃን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን ፈቃዱ በጨለማ እንዲያይ አያደርገውም።

ስለ ቀበሮውም ጥቂት ልናገር፤ እርሱም የሚከራከርለት ያስፈልገዋልና። ቀበሮ ከጠቦት ይልቅ የሚያዘወትረው አይጥን ነው፤ አይጥም የገበሬውን እህል ይበላል። በአገራችን የምናየው ተራው ቀበሮ በሩቅ አገር ካሉት ቀበሮዎች ጋራ አንድ ነው ሲባል ኖሮ፥ በ2015 በፈረንጆች አቈጣጠር ሊቃውንት ዘሩን መርምረው ወደ ተኵላ ወገን የቀረበ መሆኑን አስታወቁ። ከእርሱ ሌላ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ሁሉ አይገኝም። የሚኖረውም በብርዳማ ተራሮች ላይ ነው፤ በሰሜን ተራራ፥ በመንዝ ጓሳ፥ በላስታ አቡነ ዮሴፍ፥ ይልቁንም በባሌ። ጐልማሶቹ ሁሉ ቢቈጠሩ 500 ያህል ቢሆኑ ነው። ጣና 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ወይና ደጋ ስፍራ ስለ ሆነ ለእርሱ አይመቸውም፤ ነገር ግን በጎጃም በጮቄ ተራራ ዱሮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። በእነዚያ ተራሮች ላይ ባትሪ አስሮ በሚበሩ ዐይኖች ላይ የሚተኵስ ሰው፥ የጎረቤቱን ውሻ ካልገደለ ከአምስት መቶው አንዱን ሊገድል ይችላል። በዐይኖቹ ብርሃን ብቻ ሊለያቸው አይችልም።

አያ በማግሥቱ ሽቦውን ፈታ። ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከቆጥ ላይ አኖረው፤ እኔ እስካወቅሁ ድረስም አላወረደውም። ለጎረቤታችን ከሌላ መንደር አንድ ቡችላ አመጣላት፤ ቡችላውም እስኪያድግ ድረስ በጎችዋ በእኛ በረት አደሩ። ባትሪው በበረቱ በር ላይ ተሰቀለ፤ በሌሊት የምትወልድ በግ ስትኖር ያበሩባታል፤ ዓሣ አጥማጁም ጨለማ ሲበዛበት እየመጣ ይዋሰው ነበር። የአጥሩን እሾህ የተሸከምነው እኔና አያ ነን፤ እንዳልሁትም እጃችን ደማ።

በዚያው ክረምት አንድ ሌሊት ቀበሮው ከአጥሩ ሥር ድረስ መጥቶ ጮኸ። እኔ ከመኝታዬ ዘልዬ ተነሣሁና «አያ፥ መጣ!» አልሁ። አያም ጋቢውን ወደ ራሱ ሳበና፥ «ይጩኽ፤ በሩ ተዘግቷል» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።