የጾሙ ብርታት በበዓሉ አይላላ



በቀዳም ሥዑር ማታ በጃማ ወረዳ ከተማ በደጎሎና በዙሪያዋ በሚገኙት መንደሮች የሚታየው ጉዞ፣ በመካነ ሰላምም ሆነ በአቀስታ፣ በመላው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የሚታይ ጉዞ ነው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን፣ እናት ጧፏን ይዘው፣ ልጆችም ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሜዳውን አቋርጠው ዳገቱን ወጥተው ወደየደብራቸው ያመራሉ። በደጋው ብርድ ሌሊቱን በጸሎትና በቅዳሴ ቆመው ያሳልፋሉ። ዶሮ ሲጮህም «ክርስቶስ ተንሥአ» ተባብለው በመጡበት እግራቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ርቆ የሰነበተ፣ ይልቁንም ከዓርብ ጀምሮ ሲያከፍል የቆየ ሰው ይህን ያህል መሄድና መቆም መቻሉ ልብ ብሎ ለተመለከተው የሚያስደንቅ ነው።

ይህ ብርታት በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ባሉት ስምንት ሳምንታት ጥቂት በጥቂት የተከማቸ ነው። ምእመኑ የሚበላበትን ሰዓት ወስኖ፣ የሚበላውን መጥኖ፣ ማልዶ ተነሥቶ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሶ፣ በዕለተ ስቅለትም ሲሰግድ ውሎ ያገኘው ነው። ዛሬ በዚህ የበዓል ገጽ ልናነሣ የወደድነው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በ55 ቀን የተገነባው ይህ ልማድ በአንድ የበዓል ሳምንት ፈርሶ ይቅር ወይስ ከበዓሉም አልፎ ይዝለቅ? የሚል ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ጾም የለም፤ ስግደትም የለም። ጊዜው የደስታ ጊዜ ነውና። ሥርዓቱ ሊከበር የሚገባው ነው፤ እኛም በደስታው ላይ ሐዘን ለመጨመር አልተነሣንም። ይሁን እንጂ ጾም አለመኖሩ ልክ አለመኖሩ ማለት አይደለም። የጾም አዋጅ ለኀምሳ ቀናት ይነሣል እንጂ ሆዳምነት የተፈቀደበት ዘመን ከቶ የለም። በጾሙ ወራት ጠባቂያችን ሥርዓቱ ነበር፤ በኀምሳው ቀን ግን ጠባቂያችን ራሳችን ነን። ሰው በእርግጥ ራሱን መግዛት መልመዱ የሚፈተነውም ከልካይ በሌለበት በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። ጾም የሚጾመው ለመክሳት ወይም ለመልክ ማማር አይደለም፤ ስግደትም ጸሎት እንጂ ስፖርት አይደለም። የሁለቱም ዓላማ መንፈሳዊ ነው። ነገር ግን ነፍስ ስትሠራ ሥጋ ዝም ብላ አትመለከትም፤ አብራ ትሠራለች፤ አብራም ትጠቀማለች። መጥኖ የበላ ሰውነት ይቀልለዋል፤ የሰገደ ጉልበትና ወገብ ይፍታታል፤ ማልዶ የተነሣ ሰው ቀኑ ይረዝምለታል። ይህን የተገኘ ጥቅም በግዴለሽነት መጣል የባለቤቱን ጉዳት እንጂ የበዓሉን ክብር አይጨምርም።

የበዓሉ ሳምንት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ጠዋት ጥብስ፣ ቀትር ላይ ክትፎና ቁርጥ፣ በመካከሉ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ይፈራረቃሉ። ለ55 ቀን ሥጋና ቅቤ ያልነካ ሆድ በአንድ ሌሊት ይህ ሁሉ ሲወርድበት ይጨነቃል። ቃርና ቁርጠት፣ ተቅማጥና ማስመለስ የበዓሉ ማግሥት እንግዶች የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበትን ሰው ቅባት የበዛበት ምግብ ለጽኑ ሕመም ሊዳርገው ይችላል። ጥሬ ሥጋም የኮሶ ትልን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በብዙ ቤት ከሥጋው አስቀድሞ የተበጠበጠ ተልባ የሚጠጣው ያለምክንያት አይደለም፤ የከረመውን ሆድ አለስልሶ ለከባዱ ምግብ ለማዘጋጀት ነው። የልማዱ ምሥጢር በአንዴ አለመዝለል፣ ደረጃ በደረጃ መሄድ ነው። እኛም ይህንኑ ማስፋት እንጂ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት፣ በሁለተኛው ትንሽ ጨመር እያደረጉ፣ ከሥጋው ጎን ጎመኑንና ሽሮውን ሳይረሱ፣ መጠጡንም ቀንሰው ውኃ እየደጋገሙ የሚያከብሩት በዓል ደስታው አይጎድልም፤ እንዲያውም ሳምንቱን ሙሉ ይዘልቃል።

ትልቁ ፈተና ግን ከሆድ ይልቅ ከይሉኝታ ላይ ነው። የአገራችን ሰው እንግዳ ሲመጣበት «በሞቴ!» ብሎ ያጎርሳል፤ «አፈር ስሆን!» ብሎ ይቀዳል። የደም ግፊት ያለባቸው አባት «ይብቃኝ» ቢሉ እንደ ንቀት ይቆጠርባቸዋል፤ የስኳር በሽታ ያለባት እናት ጠጁን ብትመልስ ባለቤቱ ይቀየማል። ፍቅር ያለበት ይህ ልማድ መልካም ነው፤ ነገር ግን የምንወደውን ሰው ጤና የሚያናጋ ፍቅር ሊታረም ይገባዋል። እንግዳን ማክበር ማለት «እንደ አቅምዎ ይቅመሱልኝ» ብሎ መተው ጭምር ነው። እንግዳውም ጥቂት ቀምሶ፣ መርቆና አመስግኖ ቢነሣ አላቃለለም። በወሎ ሙስሊሙ ጎረቤት የክርስቲያኑን ቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሲጎበኝ ሥጋው ሳይነካ፣ በቡናና በጨዋታ ብቻ በዓሉ ሞቅ ደመቅ እንደሚል የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የመጎብኘት ቁም ነገሩ ከማዕዱ ብዛት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

በተለይም የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ስለሚጎዳ፣ «ምንም አልተሰማኝም» በሚል መድኃኒትን በበዓል ቀን ማቋረጥ አደገኛ ነው። ሕሙማን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሊወስዱ፣ የሐኪማቸውን ምክር ሊያከብሩ፣ የቤተሰቡም አባላት ይህን ሊያስታውሷቸው ይገባል።

ወደ አካል እንቅስቃሴ ስንመጣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር መስጠት አይቻልም። በጃማ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ ከወንዙ ሸለቆ እህል ተሸክማ ወደ ደጋው የምትወጣ ሴት፣ ከብት የሚያግድ ልጅ «ተንቀሳቀሱ» ሊባሉ አይገባም፤ ለእነርሱ በዓል የሚገባቸው ዕረፍት ነው። ይልቁንም የቤት እመቤቷን ማሰብ ይገባል። ለበዓሉ ጠላ ስትጠምቅ፣ በርበሬ ስትደልዝ፣ ሽንኩርት ስትከትፍና ዶሮ ስትገነጥል የሰነበተችው እናት በበዓሉ ዕለትም ከጓዳ አትወጣም። ተቀምጠው የሚጠብቁት አባወራና ጎረምሶች እንጨቱን ቢፈልጡ፣ ውኃውን ቢቀዱ፣ ዕቃውን ቢያጥቡ ለእርሷ ዕረፍት፣ ለራሳቸው እንቅስቃሴ ይሆናል። ይህ ከማናቸውም የስፖርት ምክር ይበልጣል።

ምክሩ የሚያስፈልገው ሥራው የወንበር ለሆነው፣ ለአጭር መንገድ ሁሉ ባጃጅ ለሚጠራው የከተማ ነዋሪ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ያህል መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ዝቅተኛው መጠን በአምስት ቀን ሲከፈል በቀን 30 ደቂቃ የፈጠነ እርምጃ ማለት ነው። ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ይላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልዩ ልብስም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቁርጠኝነትን ብቻ ነው።

የበዓሉ ሳምንት ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። ከትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ ማዕዶት፣ ቶማስ፣ አልዓዛር፣ አዳም፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱሳት አንስት እየተባሉ የሚጠሩት ዕለታት እስከ ዳግም ትንሣኤ በየስማቸው ይታሰባሉ። ቤተ ክርስቲያን በእግር ሄዶ መመለስ፣ ዘመድንና የታመመን በእግር ሄዶ መጠየቅ፣ አክፋይ ለወላጅና ለአማት በእግር ማድረስ፣ ልጆችን ይዞ ወደ ሜዳ መውጣት ለእያንዳንዱ ቀን እርምጃውን ይሰጠዋል። ጾሙ ሲያልቅ በማለዳ የመነሣቱ ልማድ ለምን አብሮ ያልቃል? ያ ሰዓት ለጸሎትም ለእርምጃም ይበቃል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 9 ክርስቲያኑን በሜዳ ከሚሽቀዳደም ሯጭ ጋር ያነጻጽረዋል፤ ሯጩ ለሚጠፋ አክሊል ብሎ በነገር ሁሉ ራሱን እንደሚገዛ ያስታውሳል። ይህን ምሳሌ ከእኛ ይልቅ በቀላሉ የሚረዳ ሕዝብ ያለ አይመስለንም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አገር ቤት የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሲከበር የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ የኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ድሉን ደገመው። ዓለም ያየው ሁለቱን የድል ቀናት ነው። በሁለቱ መካከል የነበሩትን አራት ዓመታት፣ ማንም ሳያጨበጭብ የተሮጡትን ማለዳዎች ግን ያየ የለም። አክሊሉን የሰጡት እነዚያ ያልታዩ ማለዳዎች ናቸው። ከበዓል ማግሥት ያለው ተራ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ከበሮ የማይመታበት፣ ጧፍ የማይበራበት ቀን የሰውን ጽናት ይለካል።

መጥኖ መብላት ሌላም ፍሬ አለው። ሁሉም ቤት በዓሉን እኩል አይቀበለውም። በቅርጫ የገባ ሁሉ ከመደቡ ጥቂት ቢቀንስ፣ ወይም ቅርጫ የገቡት ተስማምተው አንድ መደብ ለጎረቤት አቅመ ደካማ ቢተዉ፣ ለራሳቸው ጤና፣ ለሌላው በዓል ይሆናል። የተረፈውም ሥጋ በሳምንት ውስጥ ካላለቀ ተብሎ የሚታገሉት ባላጋራ አይደለም፤ እናቶቻችን ቋንጣ መዝልዘልን ያስተማሩን ለዚህ ነው። በ55 ቀን የጾም ጊዜ የተራበን ማሰብ የለመደ ልብ በኀምሳው የደስታ ቀን ሊረሳው አይገባም።

ኀምሳው ቀን ሲፈጸም፣ ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ፣ የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በእነዚያ ሰባት ሳምንታት በሳምንት 150 ደቂቃ የተራመደ ሰው 1050 ደቂቃ ተራምዶ፣ ልማዱን ይዞ፣ ሰውነቱ ቀልሎት የሰኔውን ጾምና የክረምቱን ሥራ ይቀበላል። ያን ያላደረገው ደግሞ እንደገና ከሥር ይጀምራል። በዚህ ረገድ የሰንበት ትምህርት ቤቶች ወጣቶችን አስተባብረው በእግር ጉዞ ሊያበረታቱ፣ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ሜዳቸውን ለአካባቢው ሕዝብ ክፍት ሊያደርጉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከበዓል በፊትና በኋላ ስለ አመጋገብና ስለ ደም ግፊት ምርመራ ሊያስተምሩ ይችላሉ። ዋናው ሥራ ግን በየቤቱ፣ በየማዕዱ ዙሪያ የሚሠራ ነው።

በቀዳም ሥዑር ሌሊት ዳገቱን የወጣው ያ እግር በማዕዶትም፣ በዳግም ትንሣኤም፣ በጰራቅሊጦስም ማግሥት ዳገቱን ይውጣ። በጾም የተገኘው ብርታት በበዓል አይላላ። ማዕዳችን የተባረከ፣ ልካችን የታወቀ፣ እጃችን ለሌለው የተዘረጋ ይሁን እንላለን።

መልካም የትንሣኤ በዓል!