የጠላ ሻጭ ልጅ

«የጠላ ሻጭ ልጅ!» እኛ ሠፈር ስድብ ነበር። አምስተርዳም ቢሆን ኖሮ የማዕረግ ስም በሆነ።

እንዴት ቢሉ፣ ጌራርድ ሃይኒከን የተባለ የ22 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1864 አምስተርዳም ውስጥ አንድ አሮጌ የቢራ መጥመቂያ ገዛ። ገንዘቡን ያገኘው ከእናቱ ነበር። በ1886 ኤልዮን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ የቤቱን እርሾ ለይቶ አወጣለት። ከጌራርድ በኋላ ልጁ ሄንሪ ተረከበ። ከቤተሰቡ እጅ ያመለጠውን የበላይነት የልጅ ልጁ አልፍሬድ በ1954 አስመለሰ፤ እሱ በ2002 ሲሞት ሴት ልጁ ሻርሊን ወረሰች። ኩባንያው በ2011 የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዝቶ እኛም ዘንድ ደረሰ። አራት ትውልድ፣ አንድ ስም!

የእኔም አያት ጠማቂ ነበሩ። ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ ብቅልና ጌሾውን በእጃቸው መጥነው ይጠነስሱ ነበር። ደጃፋቸው ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍተው ስድስት ልጆች አሳደጉ። እናቴ ሙያውን ከእሳቸው ወረሰች። እኔስ ምን ወረስኩ? መሸሸግን! ትምህርት ቤት የእናቴን ሥራ ሲጠይቁኝ «የቤት እመቤት» ብዬ አስመዘገብኩ።

«ጠላ ባህል እንጂ ኢንዱስትሪ አይደለም» የሚሉ ሊቃውንት አሉን። ለመሆኑ የፈረንጁስ ቢራ በየቤቱ ሲጠመቅ የኖረ ባህል አልነበረምን? ልዩነቱ ሙያው ላይ አይደለም። የጌራርድ እናት ገንዘባቸውን ልጃቸውን ወደ በርሜሉ ለማስጠጋት አዋሉት፤ የእኛ እናቶች ግን ከጠላ ያገኟትን ሳንቲም ልጆቻቸውን ከጋኑ ለማራቅ ከፈሏት። አይፈረድባቸውም። «ኮማሪት» እያልን ያሸማቀቅናቸው እኛው ነን። ጠላቸውን እየጠጣን ሙያቸውን የናቅን፣ በጠላቸው ተምረን በጠላቸው ያፈርን እኛው ነን።

ከእንግዲህ ወዲህ የውጭ ኩባንያ ገበያችንን ያዘው ብሎ ማልቀስ ዋጋ የለውም። የብቅሉን ልክ፣ የጥንስሱን ቀን፣ የድፍድፉን ጠባይ ከእናቶቻችን አፍ ተቀብለን እንጻፍ። ጠማቂዋ ብድር ስትጠይቅ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ትታይ። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቿ ሥራዋን በስሙ ይጥሩት።

የአያቴ ጋን ዛሬ ግቢያችን ውስጥ አበባ ተተክሎበታል። እናንተ ቤትስ ጋኑ የት ነው?