ካሜራው በዕጩ መምህሩ እጅ

በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ፣ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ግን ከተማሪው እኩል ተመልካች ሆነ። በዚያ ስክሪን ፊት ያደጉ ልጆች ዛሬ ራሳቸው አስተማሪ ሆነዋል።

ይህን እትም ለዕጩ መምህራን የፊልም ሥራ የሰጠነው መምህሩ ከተመልካችነት ወደ ሠሪነት እንዲሻገር ነው። ለምሳሌ ወላይታ ውስጥ በዴሳ ከተማ የሚመደብ የሳይንስ መምህር መብላላትን ለማስረዳት የሩቅ አገር ቪዲዮ አያስፈልገውም። እናቶች እንሰት ሲፍቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብሩ፣ ቆይተው ሲያወጡ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ በስልኩ ይቅረጽ። ትረካውም በወላይትኛ ይሁን። የቀረጸውን ወደ አምስት ደቂቃ ለማሳጠር ሲቀመጥ ምን ይቅደም፣ ምን ይቅር፣ ተማሪው የቱ ጋ ግራ ይጋባል ብሎ መወሰን ግድ ይሆንበታል። የትምህርት ዕቅድ ማለት ይኸው ነው፤ ቅጽ ከመሙላት ይልቅ በዚህ መንገድ ጠልቆ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ተማሪ ሆኖ ፊልም መሥራት ይቻላል፤ የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልሙን አገር ቤት መጥቶ የቀረጸው ገና የዩሲኤልኤ ተማሪ ሳለ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለዕጩዎቻቸው የፊልም ሥራ ነጥብ ይስጡ። ስልክ የሌላቸው ዕጩዎች እንዳይቀሩም በቡድን ይሠራ።