የዘፈኑን ግጥም ማን ጻፈው?

ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፤

ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪዎች የሚዘምሩትን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የደረሰው ደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማውን የደረሰው ሰሎሞን ሉሉ ነው። መዝሙሩን በቃላቸው ከሚወጡት ልጆች የገጣሚውን ስም የሚያውቁት ስንቶቹ ናቸው? የአገር መዝሙር ደራሲ እንዲህ ከተረሳ፣ የፍቅር ዘፈን ገጣሚን ማን ያስታውሰዋል?

በካሴት ዘመን ይሻል ነበር። ሽፋኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ይታተም ነበር። ይልማ ገብረአብን፣ ዓለምፀሐይ ወዳጆን በዘፈን ገጣሚነት ብዙዎቻችን ያወቅናቸው ከዚያ ነው። ዘፈኑ ወደ ሲዲ፣ ወደ ፍላሽ፣ ወደ ዩቲዩብ ሲገለበጥ ድምፁ ተሻገረ፤ ሽፋኑ ወድቆ ቀረ። አሁን በየሬዲዮው ብዙ ጊዜ የምንሰማው የድምፃዊውን ስም ብቻ ነው።

የዘፈን ግጥም መጻፍ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዜማው ቀድሞ ይደርስና ገጣሚው በልኩ ቀለም ይቆጥራል፤ ዘፋኙ የሚተነፍስበትን ቦታ ይጠብቃል፤ ቤት ሳይሰብር ሐሳቡን በጥቂት ስንኝ ይቋጫል። ላልቶ መነገር ያለበት ቃል ዜማው አስገድዶት ከጠበቀ ትርጉሙ ይዛባልና ሌላ ቃል መፈለግ አለበት። ጥሩ ሆኖ ሲያልቅ ሰው በሠርጉም በስደቱም የሚያንጎራጉረው ይሆናል። ያን ቃል ለሕዝብ ያበረከተ ሰው ስሙ መጠራቱ ውለታ ሳይሆን መብቱ ነው።

መብት ያልኩት በምክንያት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ በሥራው ስሙ እንዲታወቅለት ይፈቅድለታል፤ የኢኮኖሚ መብቱንም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ስሙ ከጠፋ ግን ሮያሊቲው ለማን ይከፈላል? ወራሾቹስ በምን ያስረዳሉ?

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ማንኛውም ጣቢያ ዘፈን ሲያሰማ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም አብሮ እንዲጠራ ከሚመለከታቸው ጋር ሆናችሁ አሠራር አብጁ። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስቸኩለው፣ በየሙዚቃ ቤቱና በየሰው ቤት የቀሩት የሸክላና የካሴት ሽፋኖች ተሰብስበው፣ ማንም ሊያየው የሚችል የግጥምና የዜማ ደራሲዎች መዝገብ ይከፈት። ሥራው በሕይወት ካሉት አንጋፋ ገጣሚዎች ቢጀመር የትኛው ግጥም የማን እንደሆነ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ክርክር በሚነሳበትም ላይ አብረዋቸው የሠሩ ድምፃውያንና አቀናባሪዎች ዛሬ ቀርበው መመስከር ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሙዚቃ አድማጭ