የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ልጆች፣ ኅዳር 15 ቀን የጀመርነው ጾመ ነቢያት ወደ ፍጻሜው እየተቃረበ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ቀን፣ የጌታችንን የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ልደት እናከብራለን። መዝሙሩ እየተጠና፣ ድራማው እየተዘጋጀ ነው። እረኛ ማን ይሁን፣ ሰብአ ሰገል እነማን ይሁኑ የሚለው ክርክርም እንደ ወትሮው አልቀረም።

በአጥቢያችን ብዙዎቻችሁ «እማማ» ብቻ እያላችሁ ትጠሯቸው የነበሩት እናት ግን ዘንድሮ ከእኛ ጋር የሉም። ለአገልግሎታቸው ደመወዝ የከፈላቸው፣ ይህን ሥሩ ብሎ የመደባቸው ሰው አልነበረም። የመዝሙር ልብሳችሁን አጥበው፣ የተቀደደውን ሰፍተው፣ ተኩሰው የሚያመጡት እርሳቸው ነበሩ። በልደት ሌሊት ማሕሌቱ ሲረዝም፣ እንቅልፍ የጣላችሁን ትንንሾች ከምንጣፉ ጥግ ሰብስበው የገዛ ጋቢያቸውን ያለብሷችሁ ነበር። የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃላችሁ! ቅዳሴ ሲገባም አንድ በአንድ ቀስቅሰው ፊታችሁን ያብሱላችኋል።

ባረፉ ጊዜ ካህኑ ለጸሎተ ፍትሐት የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚያውቅ አልተገኘም። በኋላ የነገሩን የነፍስ አባታቸው ናቸው። ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም እላለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስትጠመቅ የሚሰጠው ስም ለዕለቱ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በቁርባን፣ በጸሎት፣ ካረፍንም በኋላ በሣልስት፣ በሰባት፣ በአርባ፣ በመንፈቅና በዓመት የምንታሰበው በእርሱ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተጻፈችውን ጣቢታን አስታውሱ። በኢዮጴ ከተማ የምትኖር፣ ለመበለቶች ልብስ የምትሠራ ደቀ መዝሙር ነበረች። ብትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ አሳዩት፤ እርሱም ጸልዮ አስነሣት። ቅዱስ ሉቃስ ስለ እርሷ ሲጽፍ ጣቢታ ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ዶርቃ የሚለውን የግሪኩንም ስሟን ጨመረ። ሁለቱም ሚዳቋ ማለት ናቸው። መርፌ ይዛ የምታገለግል አንዲት ሴት በሁለት ስም ተጻፈች!

«የቤተ ልሔም እረኞችስ ስማቸው መች ተጻፈ? እግዚአብሔር ያውቀዋል» የሚል ልጅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎን፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ የእኛን ማስታወስ አይፈልግም። እኛ ግን ስም ጠርተን እንድንጸልይ ታዝዘናል፤ የማናውቀውን ስም ደግሞ መጥራት አንችልም። እረኞቹን አላገኘናቸውም። እኒህን እናት ግን በየሳምንቱ እናገኛቸው ነበር።

በበዓሉ መርሐ ግብር ላይ ፎቶግራፋቸው በአዳራሹ ይሰቀል፣ ጭብጨባም ይደረግላቸው የሚል አሳብ ቀርቧል። ፎቶግራፉን አልቃወምም። ጭብጨባው ግን ከእርሳቸው ጠባይ ጋር አይስማማም፤ በሕይወት ሳሉ ከመድረክ አጠገብ ሲጠሯቸው ወደ ኋላ የሚሸሹ ነበሩ። በእኔ አስተያየት የሚሻለው የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፎ ከጧፍና ከዕጣን ጋር ለካህናቱ መስጠት ነው። ይህን ትንንሾቹም ከኪሳቸው ሳንቲም አዋጥተው ሊያደርጉት ይችላሉ።

ሁለተኛው ነገር ሥራቸው ነው። ላሊበላ ላይ ለልደት ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡትን ምእመናን እግር የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። እግር ማጠቡ እዚያ የበዓሉ አንድ ክፍል ሆኖ ይቆጠራል፤ እኛ ጋ ግን ልብስ ማጠብ የማንም ክፍል አይደለም። የመዝሙር ልብሱን ለማጠብ ከከፍተኛው ክፍል አራት ልጆች ተመዝግበዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ለመስፋቱም አንዲት እኅት እሺ ብላለች። በልደት ሌሊት ከምንጣፉ ጥግ ተቀምጦ ትንንሾቹን የሚጠብቅ፣ ጋቢም ይዞ የሚመጣ ግን እስካሁን አልተገኘም። መዝገቡ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ አለ። ስትመዘገቡ የክርስትና ስማችሁንም ጨምራችሁ ጻፉ።