ለማን ነበር የተጨነቃችሁት?

ፒያሳን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ «ደጎል አደባባይ» የሚለውን ስም ያውቃል። ታክሲ ጠብቆበታል፣ ቀጠሮ ይዞበታል። የስሙ ባለቤት ማን እንደሆኑ ልጆቻችሁን ብትጠይቁ ግን ትከሻቸውን ይሰብቁ ይሆናል። ጄኔራል ሻርል ደጎል የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1966 አዲስ አበባ መጥተው የአፄ ኃይለ ሥላሴ እንግዳ ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ወር ፊልማችን እኚህን ሰው ለመግደል ስለተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ ነው።

ፊልሙ «ዘ ዴይ ኦቭ ዘ ጃካል» ይባላል፤ የቀበሮው ቀን እንበለው። ፍሬድ ዚነማን በ1973 የሠራው ሲሆን፣ መነሻው ፍሬደሪክ ፎርሳይት በ1971 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔም ላለፉት ጥቂት ሳምንታት ለዘመድ ለወዳጅ እያዋስኩ «እንዴት አገኛችሁት?» ስል ቆይቻለሁ። ያገኘሁት መልስ ከፊልሙ ባልተናነሰ አስገረመኝ፤ ስለዚህ ዛሬ ስለ ፊልሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ተመልካቾቹም ላወራችሁ ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን። ፈረንሳይ አልጄሪያን ከገዛች ከ132 ዓመት በኋላ፣ በ1962 አልጄሪያ ነፃ ወጣች። ደጎል ይህን መፍቀዳቸውን እንደ ክህደት የቆጠሩ መኮንኖችና ሰፋሪዎች ኦ.ኤ.ኤስ. በተባለ ምስጢራዊ ድርጅት ተሰባስበው ሊገድሏቸው ሞክረዋል። እስከዚህ ድረስ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የደራሲው ፈጠራ ነው። የድርጅቱ ሰዎች በሙሉ በፖሊስ መዝገብ ላይ ስላሉ፣ መሪዎቹ ማንም የማያውቀውን የውጭ ሰው ይቀጥራሉ። ሰውየው እንግሊዛዊ ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ አለባበሱ ያማረ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር። መጠሪያው ጃካል። በሌላ ወገን ክሎድ ለቤል የተባለ ዝምተኛ መርማሪ ፖሊስ፣ ስሙንም መልኩንም የማያውቀውን ይህን ሰው ፈልጎ እንዲይዝ ይታዘዛል።

ከጠየቅኋቸው ሰዎች የሁለቱ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር። «ደጎል በጥይት አልሞቱም አይደል? ታዲያ መጨረሻውን እያወቅን ምን እናያለን?» እውነት ነው፤ ደጎል ያረፉት በ1970 በቤታቸው፣ 80ኛ ዓመታቸው ሊሞላ 13 ቀን ሲቀረው ነው። አሳታሚዎችም ለፎርሳይት ያሉት ይህንኑ ነበር። ሮይተርስ ለተባለው የዜና ወኪል ፓሪስ ውስጥ የሠራው ይህ ጋዜጠኛ፣ መጽሐፉን በ35 ቀን ጽፎ ሲያቀርብ ደጎል ገና በሕይወት ነበሩ። «ያልሞተ ሰው ስለ መገደሉ ማን ያነባል?» ተብሎ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ተመላልሷል። አንባቢ ግን «ይገድላቸው ይሆን?» ብሎ አልነበረም የተያዘው። «እንዴት አድርጎ እዚያ ይደርሳል?» የሚለው ነበር እንቅልፍ የነሳው።

የ17 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ግን በዚህ አልተሸነፈም። «ሰውየው ፎርም ሲሞላ ነው ያየሁት» አለኝ። ፍርዱ ያስቃል፣ ትክክልም ነው። ጃካል ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል፣ ጋዜጣ ያገላብጣል፣ ፓስፖርት ያወጣል፣ ጠመንጃ ሠሪው ዘንድ ሄዶ መለኪያ ይነጋገራል፣ መኪናውን ቀለም ይቀባል። ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ በየሦስት ደቂቃው ፍንዳታ ለለመደ ልጅ ይህ ይጎትታል። ልጁን ግን አንድ ትዕይንት ላይ ስልኩን አስቀምጦ አየሁት። ጃካል አንድ ሐብሐብ ገዝቶ ዓይንና አፍ ይስልበታል፤ ዛፍ ላይ በገመድ ያንጠለጥለዋል፤ ርቆ ሄዶ ጠመንጃውን ይሞክራል። አንድ ተኩስ፣ መነጽሩን በትንሿ መፍቻ ማስተካከል፣ ሌላ ተኩስ። በመጨረሻ ሐብሐቡ ይበተናል። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። እንዲያም ሆኖ ሳሎኑ ውስጥ የሚተነፍስ ጠፋ።

ሁለተኛው አስተያየት ከጎረቤታችን ከአንዲት እናት የመጣ ነው። እሳቸውን ያስቆጣቸው ሌላ ቦታ ነው። ጃካል ሐሰተኛ ስም ሲፈልግ የሚሄደው ወደ መቃብር ስፍራ ነው። ዕድሜው ከእሱ ጋር የሚመጣጠን፣ ግን በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ መቃብር ያገኛል፤ በልጁ ስም የልደት ሰርተፍኬት ያወጣል፤ በሰርተፍኬቱ ፓስፖርት ይቀበላል። ፎርሳይት ይህን ከራሱ አልፈጠረውም። የልደት መዝገቡና የሞት መዝገቡ ስላልተገናኙ እንግሊዝ ውስጥ በእውነት የሚሠራ ዘዴ ነበር፤ መጽሐፉ ከወጣ በኋላም ቀዳዳው ለብዙ ዓመታት ሳይደፈን ቆይቷል። አብዛኛው ተመልካች እዚህ ጋ «ወይ ብልጠት!» ይላል። ጎረቤታችን ግን «ያ ሕፃን እናት የለውም ወይ?» አሉ። በወጣትነታቸው ልጅ ቀብረዋል። ፊልሙን እዚያው አቁመው ቡና ሊያፈሉ ተነሡ፤ አልተመለሱበትም።

ይህንን አስተያየት ደጋግሜ አሰብኩት፤ ምክንያቱም ሦስተኛው፣ ብዙ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩኝ አስተያየት ከዚህ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። «እውነቱን ልንገርህ» ይላሉ፤ «እንዲሳካለት ፈልጌ ነበር።» አንድ የሁለት ልጆች አባት፣ ፖሊሶቹ ጃካል ያደረበት ሆቴል ጥቂት ዘግይተው ሲደርሱ ልጆቹ እንዳጨበጨቡ፣ እሱም ፈገግ ሲል ባለቤቱ እንዳየችው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ሚስት «ልጆቻችንን ነፍሰ ገዳይ እንዲያደንቁ እያስተማርን ነው» አለች። ባል «ፊልም ነው እኮ» አለ።

እኔ ከሚስት ጋርም ከባልም ጋር አልሆንም። የሰው ልጅ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሲያይ ይወድዳል። አናጢ እንጨት ሲያለሰልስ ቆመን እናያለን፤ ጃካል ጠመንጃውን ገጣጥሞ ሲፈታም በዚያው ዓይን ነው የምናየው። ዚነማን ይህን ድክመታችንን ያውቃል። ደጎልን ፊልሙ ውስጥ ልብ ብላችሁ እዩአቸው። የሚታዩት ከሩቅ ነው፣ እንደ ሐውልት። ስለ ልጆቻቸው አንሰማም፣ ምን እንደሚወዱ አናውቅም። ሟቹ ፊት የሌለው ሲሆን ገዳዩን መውደድ ይቀልላል። የተቀባው ሐብሐብ ከደጎል የተሻለ ፊት አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ኮሌት የተባለችው ሴት ትመጣለች። ጃካል ሆቴል ውስጥ የተዋወቃት ባለ ትዳር ናት፤ በኋላ ፖሊስ ሲያሳድደው ቤቷ ሄዶ ይደበቃል። ፖሊሶች መጥተው እንደነበር ትነግረዋለች፤ አሳልፋ ልትሰጠው አላሰበችም። እዚያው አልጋ ላይ ይገድላታል። ፊቱ ላይ ሐብሐቡን ሲመታ ከነበረው የተለየ ምንም ነገር አይታይም። ሲያጨበጭቡ የነበሩትን ልጆች አባት ይህ ትዕይንት ሲደርስ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ማንም ምንም አላለም» አለኝ። ታናሽየዋ ብቻ «ለምን? ረድታው የለ?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ ስል ነው ፊልሙን ከልጆች ጋር ማየት ይቻላል የምለው።

በነገራችን ላይ እውነተኛው ታሪክ ሟች ሊሆኑ የነበሩትን ሰዎች ፊት ይመልስልናል። ነሐሴ 22 ቀን 1962 ፓሪስ አጠገብ ፕቲ ክላማር በተባለ ቦታ የደጎል ጥቁር ሲትሮይን በጥይት ተደበደበ። ጎማ ተመታ፣ መስታወት ተሰበረ፤ ሾፌሩ መኪናውን ሳያቆም አመለጠ። ውስጥ የነበሩት ደጎል ብቻ አልነበሩም፤ ባለቤታቸው ኢቮን እና የልጃቸው ባል አብረው ነበሩ። ወይዘሮ ኢቮን ከተኩሱ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቁት፣ የመኪናው ኋላ ላይ ለምሳ ስለ ጫኗቸው ዶሮዎች ደህንነት ነበር እየተባለ ይነገራል። የሴራው መሪ ኮሎኔል ባስቲያን-ቲሪም ባለሙያ መሐንዲስ፣ የሦስት ሴቶች ልጆች አባት ነበር። መጋቢት 11 ቀን 1963 በ35 ዓመቱ ተረሸነ። ፊልሙ ይህን ሁሉ በመግቢያው በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል። እንደ እኔ እንደ እኔ ከጠቅላላው ፈጠራ በላይ የሚከብደው እሱ ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ደግሞ ጃካልን ትተው ወደ መንግሥት ዞሩ። መርማሪዎቹ የጃካልን ስም የሚያገኙት ቮለንስኪ የተባለውን የድርጅቱን መልእክተኛ ጠልፈው፣ አሰቃይተው ነው። ለቤልም በሚኒስትሩ ስብሰባ ላይ ምስጢር የሚያወጣው ማን እንደሆነ ደርሶበታል። «የማንን ስልክ መጥለፍ እንዳለብህ እንዴት አወቅህ?» ሲባል፣ አላወቅሁምና የሁላችሁንም ጠለፍኩ ይላል። አብዛኛው ሰው እዚህ ይስቃል። መምህሩ «እኔ አልሳቅሁም፤ ፕሬዚዳንቱን ለማዳን የተደረገውን ቁጠርልኝ» አሉ። ቆጠርኩላቸው፤ ትንሽ አይደለም። ዚነማን ግን የትኛውም ወገን ላይ ጣቱን አይቀስርም፤ አንዳንዶች ይህንን ቅዝቃዜ ይሉታል። እኔ ተመልካቹን ማክበር ነው እላለሁ።

ከዚህ ወዲህ ታሪኩ ሁለት ጊዜ ታድሷል። በ1997 ብሩስ ዊሊስ የሠራበትን ባታዩትም የሚቀርባችሁ ነገር የለም። በ2024 የወጣውና ኤዲ ሬድሜይን የሚተውንበት ባለ አሥር ክፍል ተከታታይ ግን በየቤቱ እየታየ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። አዲሱ ጃካል ሚስትና ትንሽ ልጅ አለው። ሰው ገድሎ ሲያበቃ ለቤቱ ይደውላል፤ ይጨቃጨቃል። ወጣቶቹ «ይሄኛው ሰው ነው፣ የድሮው ማሽን ነው» ይሉኛል። ትወናው ግሩም ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሚስትና ልጅ የተሰጡት ይቅር እንድንለው ይመስለኛል፤ «ለቤተሰቡ ነው» የሚለው ሰበብ ደግሞ የትኛውንም ሥራ ያስውባል። የ1973ቱ ጃካል ቤት የለው፣ እናት የለው፣ ስም እንኳ የለው። ምንም ሰበብ ሳይሰጠን ነው እንድንጨነቅለት ያደረገን፤ ስለዚህም ነው የሚረብሸው።

መጨረሻውን እንዴት እንደሚሆን አልነግራችሁም፤ ምን እንደሚሆንማ ታውቁታላችሁ። ቀኑ ነሐሴ 25 ቀን 1963 ነው፤ ፓሪስ ነፃ የወጣችበት በዓል። በክራንች የሚሄድ፣ ኒሻን የደረደረ፣ አንድ እግር ያጣ የቀድሞ ወታደር የፖሊሶቹን አጥር አልፎ ወደ አንድ ሕንፃ ይገባል። ለሽማግሌ አካል ጉዳተኛ መንገድ የሚለቀው ወጣት ፖሊስ ጨዋነቱ ነው ጥፋት የሚሆንበት።

በእውነተኛው ዓለም ልክ ሦስት ወር ቆይቶ፣ ኅዳር 25 ቀን 1963፣ ደጎል ዋሽንግተን ነበሩ። የተገደለው ጆን ኬኔዲ ነበርና አስከሬኑን ተከትለው በአደባባይ በእግራቸው ሄዱ፤ አጠገባቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። አንዱ በጣም ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ሁለቱም በወታደራዊ ልብስ። ፎቶግራፉን ታውቁት ይሆናል። ፊልሙን ካያችሁ በኋላ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ መስኮቶቹን መቁጠራቸው አይቀርም።

ለቤተሰብ ጥቂት ማሳሰቢያ፦ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነውና ከእራት በኋላ ዘግይታችሁ አትጀምሩት። ጥቂት የእርቃን ትዕይንትና የማሰቃየት ትዕይንት ስላለበት ከ15 ዓመት በታች ላሉት አልመክርም። ኮሌት የምትሞትበት ቦታ ሲደርስ ለአፍታ አቁሙና ሳሎን ውስጥ ያለውን ሁሉ «እስካሁን ለማን ነበር የተጨነቃችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ እናንተ መልሱ። የሰማችሁትን ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ በተለይ ከታናናሾቹ የሰማችሁትን።