ከአምፖሉ በፊት ምጣዱን

አዳማ የምትጠቀምበት መብራት ከየት እንደሚመጣ በዓይን ከሚታይባቸው ጥቂት የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት። ከከተማው ወጣ ሲሉ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ አለ። በዙሪያዋ ካሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ሲሽከረከሩ ይታያሉ፤ በ2004 የተጠናቀቀው 51፣ በ2007 የተመረቀው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በሐይቆቹ መስመር ቁልቁል ሲሄዱ፣ ከባቱ አለፍ ብሎ፣ አሉቶ ላይ የመሬት እንፋሎትን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የተተከለ ጣቢያ አለ። ይህ ሁሉ በዙሪያችን እያለ የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር ሰፈሮቻችን ይጨልማሉ።

ብዙ ሰው ይህን የኃይል እጥረት አድርጎ ያየዋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ "ከእንግዲህስ ቁጠባ ለምን?" ያሉ ነበሩ። ግድቡ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው፤ ኩራታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ግድቡ ምንም ያህል ቢያመነጭ ወደ ቤታችን የሚገባው በሰፈራችን ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር በኩል ነው። ዋዜማ ማታ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ አንድ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ መብራቱ ይደክማል፣ ቀጥሎ ይጠፋል።

መብራት ቆጥቡ ሲባል ሁላችንም ቀና ብለን የምናየው ጣሪያውን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሲያከፋፍል የቀረልን ልማድ ይመስለኛል። መልካም ልማድ ነው፤ ግን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። በዚያው ኃይል ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየምሽቱ 5 ሰዓት እየበራ ከሦስት ወር በላይ ይቆያል። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት በወር ለምጣዱ ብቻ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል። ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን 50 ላይ ያበቃል፤ ለማቀዝቀዣው፣ ለካውያውና ለአዳማ ሙቀት ለሚያስፈልገው ማራገቢያ የሚተርፈው አምስት ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ቁጠባው ያለው እዚያ ነው። ሊጡ ሳይደርስ ምጣዱን አለመሰካት፣ ሁለቴ የሚጋገረውን በአንድ ጊዜ መጋገር፣ አክንባሎው በደንብ የሚገጥም መሆኑን ማየት፣ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች ምጣዱን ነቅሎ በቀረው ሙቀት ማውጣት። ይህን የሚያውቁ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መማር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ግን በተከራይ ግቢዎች ውስጥ ያለው ነው። በአዳማ አራትና አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚኖርባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ግቢ ውስጥ ሴቶቹ ቀን ቆርጠው በአንድ ምጣድ ተራ በተራ ይጋግራሉ፤ አንዷ ጨርሳ ስትነሣ ሌላዋ ሳይበርድ ትይዘዋለች። ሸክላው እስኪግል የሚባክነው ሩብ ሰዓት ገደማ የሚወጣው አንዴ ብቻ ይሆናል። በሌላው ግቢ ደግሞ አከራዩ "ምጣድ አይቻልም" ብሎ ይከለክላል። የአከራዩ ስጋት ይገባኛል፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ታሪፉም ይጨምራል፣ ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚለውም በየወሩ ያጣላል። ክልከላው ግን እሳቱን አያጠፋውም። ተከራይዋ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ትዞራለች።

ከሰሉ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከአዳማ በሞጆ አድርጎ በመቂ፣ በባቱና በቡልቡላ ወደ ሻሸመኔ የተጓዘ ሁሉ በመንገድ ዳር የተደረደረውን ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል አይቷል። ያ ከሰል የስምጥ ሸለቆው ግራር ነው። የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ እንኳ ደኑ የሳሳው በአንድ በኩል በዚሁ ምክንያት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በየቤቱ የሚጫረው ክብሪት እዚያ ድረስ ይደርሳል። ከሰልን ጨርሶ መተው ለማይችል ቤት ላቀች የሚባል ምድጃ አለ፤ በተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ከሚነደው ሩብ ያህሉን ያስቀራል። በእንጨት ለሚጋግርም "ምርጥ" የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ ማገዶ ይቆጥባል። ሁለቱም እዚሁ አገር ውስጥ የተሠሩ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተፈተኑ ናቸው። በቁጥር ከዚህ በላይ በዝተው ማየት ነበረብን።

ስለ ብክነት ካነሣን አይቀር፣ ስለ ቤታችን ቆሻሻም አንድ ነገር ልበል። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ከተማ ስለሆነች ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከሁሉም አቅጣጫ ወደ እሷ ይወርዳል። ጎርፉን ማሳለፍ የነበረበት ቦይ በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኖ ሲያገኘው ወደ ቤት ይገባል። በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ዘንቢሉን ከግድግዳ አውርዶ ገበያ መያዝ ግን አዋጅ አያስፈልገውም። እንጀራ የሚገዛ ሰውም የራሱን ሰፌድና ጨርቅ ይዞ ቢሄድ በየቀኑ አንድ ፌስታል ይቀራል። በቤት ውስጥ ሁለት ማዳበሪያ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ደረቁ ለብቻ፣ የሚበሰብሰው ለብቻ። ሃይላንዱ የወጥ ትራፊ ካልነካው ቆራሌው ይወስደዋል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጩ ጓሮ ላለው ብስባሽ ይሆናል፣ ለፍየልም ይሰጣል። የተረፈ እንጀራ በአዳማ ፀሐይ በአንድ ቀን ድርቆሽ ሆኖ ያድራል፤ እሱን መጣል በዚህ ኑሮ ውድነት ያሳዝናል።

ወደ ምጣዱ ልመለስ። አከራዮች ሆይ፣ ምጣድ ከምትከለክሉ ከተከራዮቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የጋገራ ቀን አውጡ፣ ሒሳቡንም በጋገራው ልክ ተካፈሉ። እናንተ የምትጋግሩ ደግሞ ለሚቀጥለው በዓል እንጀራውን ከዋዜማው አንድ ቀን ቀደም አድርጋችሁ፣ በጠዋት ጋግሩ። ዋዜማ ማታ መስመሩን ለድፎ ዳቦውና ለዶሮ ወጡ እንልቀቅለት።